ሁለት ዛፍ የመሰለን አንድ ግንድ፦ ስለ ዲዛይነር የጎን ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት፣ ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን መጫወቻ ለሚቀርጽ፣ አጭር ፊልም ለሚያነሣ ወይም ጨርቅ ለሚነድፍ ዲዛይነር ዘወትር የሚሰጥ ምክር ነው። ምክሩ ከቅንነት እንደሚመነጭ አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ስለ ጎን ሥራ ያለንን ግምት አዛብቶታል ብዬ አምናለሁ። ለማረም የምጠቅሰው የአሜሪካውያኑን ዲዛይነሮች የቻርልስና የሬይ ኢምዝን ሥራ ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ዛሬ በአብዛኛው የሚታወቁት በወንበሮቻቸው ቢሆንም፣ ከወንበር ሌላ ቤት፣ መጫወቻ፣ ኤግዚቢሽንና ከ100 በላይ አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የጎን ሥራ የዋናውን ሥራ ጊዜና ጉልበት ይሻማል።

ሁለቱ በ1941 ተጋብተው ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወሩ፣ የቻርልስ እንጀራ የነበረው በኤምጂኤም የፊልም ኩባንያ የሥነ ጥበብ ክፍል ውስጥ መቀጠር ነበር። ኮምፔንሳቶን ለሰው አካል እንዲስማማ አድርጎ የማጉበጡ ሙከራ ግን የሚካሄደው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በሚኖሩበት አፓርታማ ውስጥ ነው። ስስ የእንጨት ንጣፎችን ኮላ እየቀቡ በጄሶ ቅርጽ ላይ ይደራርቧቸውና፣ በብስክሌት ፓምፕ በሚነፋ ከረጢት ተጭነው በኤሌክትሪክ ሙቀት እስኪደርቁ ድረስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ዛሬ ዋና ሥራቸው የምንለው ራሱ የተወለደው የጎን ሥራ ሆኖ ነው።

በዚያው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ለተሰበረ እግር ማሰሪያ ያገለግል የነበረው የብረት መደገፊያ ቁስለኛው በሚጓጓዝበት ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ጉዳቱን ያባብስ ነበር። ኢምዞች የቻርልስን እግር ልክ ወስደው፣ ቀላል የኮምፔንሳቶ መደገፊያ በ1942 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አዘጋጁ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም 150,000 ያህል ተመረተ። በመደገፊያው ላይ የሚታዩት ክፍተቶች ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ እንጨቱ በሁለት አቅጣጫ ሲጎብጥ የሚፈጠርበትን ውጥረት ያረግባሉ፣ የፋሻ ማሳለፊያም ይሆናሉ። ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ የወጣው ዝነኛው የኮምፔንሳቶ ወንበር መቀመጫውና የጀርባ መደገፊያው ተለያይተው የተሠሩት፣ አንድ ወጥ የሆነው እንጨት ከመቀመጫ ወደ ጀርባ በሚታጠፍበት ቦታ እንደሚሰነጠቅ በእነዚያ ሙከራዎች ስለተማሩ ነው። የእግር መደገፊያው ከወንበሩ ጊዜ አልሻማም፤ ወንበሩ የሚሠራበትን ብልሃት አስተማራቸው እንጂ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ለገበያ የማይበቃ ሥራ የባከነ ሥራ ነው።

በ1945 ከኮምፔንሳቶ የሠሩት የልጆች መጫወቻ ዝሆን፣ በሕይወት በነበሩበት ዘመን በብዛት ተመርቶ አልተሸጠም፤ ለገበያ የቀረበው በ2007 ነው። ሆኖም ከዝሆኑ ራስና ጆሮ ይልቅ ለማጉበጥ የሚያስቸግር ቅርጽ ማሰብ ያዳግታል፤ ያንን ያጎበጠ እጅ ለወንበር ምን ያህል እንደተዘጋጀ ባለሙያ ሁሉ ይገነዘባል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ መጫወቻ የቁም ነገረኛ ሰው ሥራ አይደለም።

ይህኛው አመለካከት ከሁሉም ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ወጣት ዲዛይነሮች በዚህ ምክንያት ምርጥ ሥራቸውን ደብቀው ያስቀምጣሉና። ኢምዞች በ1949 ለራሳቸው የሠሩት ቤት፣ ከፋብሪካ ተዘጋጅተው የሚሸጡ የብረትና የመስታወት ክፍሎችን በማገጣጠም የቆመ ነው። በ1952 ያወጡት መጫወቻ ደግሞ 54 ካርዶች ያሉት ሲሆን፣ ልጁ በካርዶቹ ጠርዝ ላይ ያሉትን ስንጥቆች እርስ በርስ እያጠላለፈ የፈለገውን ቅርጽ ያቆማል። የተዘጋጁ ክፍሎችን አገጣጥሞ የማቆም አንድ ሐሳብ፣ በአንደኛው ቤት፣ በሌላኛው መጫወቻ ሆኗል።

በ1957 አሮጌ የአሻንጉሊት ባቡሮችን በቅርብ ርቀት አንሥተው አጭር ፊልም ሠሩ፤ ቻርልስም በፊልሙ መግቢያ ላይ፣ በጥሩ አሮጌ መጫወቻ ውስጥ እንጨቱ እንጨት፣ ቆርቆሮውም ቆርቆሮ ሆኖ እንደሚታይ ያስረዳል። ይህ ስለ ቁሳቁስ ሐቀኝነት የተሰጠ የዲዛይን ትምህርት ነው። ትንሹን ነገር ትልቅ አድርጎ የማየት ልማዳቸውም በ1977 በተጠናቀቀው፣ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ በሚፈጀው ፊልማቸው ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ካሜራው በቺካጎ ሐይቅ ዳር ጋደም ካለ ሰው ተነሥቶ በየ10 ሴኮንዱ 10 እጥፍ እየራቀ እስከ ጋላክሲዎች ማዶ ይደርሳል፤ ከዚያም ተመልሶ በሰውየው እጅ ቆዳ በኩል እስከ አቶም እምብርት ይገባል። ያን ፊልም የሠራ ዓይን፣ ከ20 ዓመት በፊት ወለል ላይ ተኝቶ ባቡር ሲያነሣ የሠለጠነ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሁሉንም የሠራው ቻርልስ ነው፤ ሬይ ረዳቱ ነበረች።

ሬይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የወንድ መጠሪያም ስለሆነ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች አድርገው የሚያስቡም አሉ። ለስህተቱ ዘመኑም አስተዋጽኦ አድርጓል፤ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1946 የኮምፔንሳቶ ዕቃዎቻቸውን ሲያሳይ፣ በኤግዚቢሽኑ ርእስ ላይ የሰፈረው የቻርልስ ስም ብቻ ነበር። ሬይ ግን ከቻርልስ ጋር ከመተዋወቋ በፊት በታዋቂው የሥዕል መምህር በሃንስ ሆፍማን ሥር የተማረች ሠዓሊ ነበረች። በ1940ዎቹ የመጽሔት ሽፋኖችንና የጨርቅ ንድፎችን ሠርታለች፤ ለእግር መደገፊያው ያገለገለውን የማጉበጥ ዘዴም ለቅርጻ ቅርጽ ተጠቅማበታለች። የእነዚያ ቅርጻ ቅርጾች መስመር ከወንበሮቹ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ፣ የወንበሩ ውበት ከሠዓሊዋ እጅ ምን ያህል እንደወሰደ ማስተባበል አይቻልም።

ቻርልስ ኦገስት 21 ቀን 1978 ሲያርፍ፣ ቢሯቸው በፎቶግራፍ፣ በፊልምና በሰነድ የተሞላ ነበር። ሬይ ቀሪዎቹን ዓመታት ይህንን ሁሉ እየለየች በመመዝገብ አሳለፈች። እርሷም ያረፈችው ልክ በ10ኛው ዓመት፣ ኦገስት 21 ቀን 1988 ነው። አብዛኛው ሰነድ በዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ የወንበሩ ንድፍም፣ የፊልሙም፣ የመጫወቻውም በአንድ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።