በስህተት የሚነበበው የሬቲኩሎሳይት ውጤት

ሬቲኩሎሳይት ከአጥንት መቅኔ ገና የወጣ ለጋ ቀይ የደም ሕዋስ ነው። ደም ሲያንስ መቅኔው ጉድለቱን ለመሙላት እየሠራ መሆን አለመሆኑን የሚነግረን የእርሱ ቆጠራ ነው። ቁጥሩ እንዳለ ከተወሰደ ግን ያሳስታል።

«4 በመቶ ከመደበኛው በላይ ስለሆነ መቅኔው በደንብ እየሠራ ነው»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የአዋቂ ሰው መደበኛ ልኬት ከ0.5 እስከ 2.5 በመቶ ገደማ ስለሆነ 4 ብዙ ይመስላል። በመቶኛው የሚሰላው ግን ካሉት ቀይ ሕዋሳት ነው፤ እነርሱ ሲመናመኑ ለጋዎቹ አንድም ሳይጨምሩ ድርሻቸው ያድጋል። ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሕዋሳት ከደሙ የሚይዙት ድርሻ በመቶኛ) 22.5 የሆነ ሕመምተኛ እንውሰድ። 4ን በ22.5 አባዝተን ለመደበኛው 45 ስናካፍል 2 በመቶ እናገኛለን። ገና አልጨረስንም። ደም በጣም ሲያንስ መቅኔው ለጋዎቹን ያለ ጊዜያቸው ይለቃቸዋል፤ በደም ውስጥ አንድ ቀን ገደማ ይቆዩ የነበሩት ሁለት ቀን ያህል ይሰነብታሉ። ስለዚህ እንደገና ለ2 ይካፈላል፤ የሚቀረው 1 ብቻ ነው። በዚህ መጠን ደም ላነሰው ሰው ግን ከ2 እስከ 3 ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። «ከፍተኛ» የተባለው ውጤት መቅኔው ሥራውን እንዳልተወጣ የሚናገር ነበር።

«መደበኛ ነው፤ ችግር የለም»

ደሙ ላነሰ ሰው መደበኛ ማለት ጥቂት ማለት ነው። የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት፣ ወይም ኤሪትሮፖይቲን (መቅኔውን ቀይ ሕዋስ እንዲሠራ የሚያነሣሣ ሆርሞን) በበቂ የማያመነጭ የታመመ ኩላሊት ሊኖር ይችላል።

«ከፍ ካለ ሕዋሳቱ እየፈረሱ ነው»

ደም የፈሰሰውም ሰው፣ ለእጥረቱ የብረት መድኃኒት የጀመረውም ሰው ከፍ ይልበታል፤ ለሁለተኛው እንዲያውም የምሥራች ነው። መፍረሱን ለመለየት ሕዋሳት ሲፈርሱ በደም ውስጥ መጠናቸው የሚለወጠው ቢሊሩቢን፣ ኤልዲኤች እና ሃፕቶግሎቢን አብረው ይታያሉ። ጊዜም ይታሰብ፦ ደም ከፈሰሰ በኋላ ጭማሪው እስኪታይ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈጃል፤ በመጀመሪያው ቀን ውጤት መቅኔውን መውቀስ አይገባም።

«ዝቅ ካለ መዘዙ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው»

ጤናማ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ይህ ለብዙዎች እውነት ሊሆን ይችላል። ሲክል ሴል (ቀይ ሕዋሳት የማጭድ ቅርጽ የሚይዙበት በዘር የሚወረስ ሕመም) ላለበት ልጅ ግን አይሠራም፤ የእርሱ ሕዋሳት የሚኖሩት ከ10 እስከ 20 ቀን ብቻ ነው። ፓርቮቫይረስ ቢ19 የመቅኔውን ምርት ሲያቋርጥበት ሂሞግሎቢኑ (በቀይ ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ሬቲኩሎሳይቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ እንዲህ ያለ ልጅ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።