ካውቦዩ ለማን ነበር የሚሠራው? ስለ ኦውን ዊስተርና ስለ «ዘ ቨርጂኒያን» የሚነገሩ ስህተቶች

የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። የካውቦይ ልቦለድ ተራ ሲደርስ በየዓመቱ የምሰማው ያንኑ ነው። ካውቦይ ጌታ የለውም። ያለው ፈረሱና ሽጉጡ ብቻ ነው። ለድሃ ይቆማል፣ ለሀብታም አይንበረከክም። ተማሪ ሲለው አይገርመኝም፤ ፊልም አይቶ ነው። መጽሐፉን አንብበነዋል ብለው ለሌላ ሰው የሚያስረዱ ሲደግሙት ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። የዚህን ጀግና መልክ የቀረጸው ልቦለድ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነውና።

ልቦለዱ በ1902 የታተመው «ዘ ቨርጂኒያን» ነው፤ ደራሲው ኦውን ዊስተር። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቀላል ቀላሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

«ዊስተር ራሱ ካውቦይ ነበር።» በፍጹም። በ1860 ፊላደልፊያ ውስጥ የተወለደ የሐኪም ልጅ ነው። የእናቱ እናት እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ፋኒ ኬምብል ናት። ሃርቫርድ ገብቶ ያጠናው ሙዚቃ ነው፤ ለታላቁ የሙዚቃ ሊቅ ለፍራንዝ ሊስት ሳይቀር ፒያኖ ተጫውቷል። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነውን ቴዎዶር ሩዝቬልትን ያወቀውም ሃርቫርድ ነው፤ ልቦለዱን መታሰቢያ ያደረገው ለእሱ ነው። አባቱ ሙዚቃውን ስላልወደደለት ባንክ ቤት ተቀጠረ። ጤናው ሲቃወስ ሐኪሙ ወደ ምዕራብ ሄደህ አየር ለውጥ አለው። ዋዮሚንግን በ1885 የረገጠው እንዲህ ነው። ኋላ ሕግ ተምሮ ጠበቃም ሆኗል።

«ስለ ምዕራቡ አገር የጻፈ የመጀመሪያው ሰው ነው።» አይደለም። ጄምስ ፌኒሞር ኩፐር የድንበር አገር ልቦለዶቹን የጀመረው በ1823 ነው። በ10 ሳንቲም የሚሸጡት የጀብዱ ታሪኮችም ከ1860 ጀምሮ ገበያውን ሞልተውት ነበር። ዊስተር ካውቦዩን ከእነዚህ ታሪኮች አውጥቶ ቁም ነገረኛ አንባቢ እጅ ውስጥ አስገባው።

«ከዜን ግሬይ የተማረ ነው።» ግሬይ ሌላው ታዋቂ የካውቦይ ልቦለድ ደራሲ ነው፤ ዝነኛ ልቦለዱ የወጣው ግን በ1912 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

«የካውቦይን ሥራ ለማወቅ ይህን መጽሐፍ ማንበብ ነው።» ከከብት አርቢ ቤተሰብ የመጣ አንድ ተማሪ መጽሐፉን ጨርሶ ሲመጣ «መምህር፣ ከብቶቹ የት አሉ?» አለኝ። ልክ ነው። ከብት ሲነዳ፣ ሲቆጠር፣ ምልክት ሲደረግበት የሚታይበት ገጽ እምብዛም የለም። ሥራውን ለማወቅ የሚፈልግ በ1903 የታተመውን የአንዲ አዳምስን «ዘ ሎግ ኦቭ ኤ ካውቦይ» ያንብብ። አዳምስ ከብት ነድቶ ያደረ ሰው ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ወንዝ መሻገሩ፣ የውሃ ጥሙ፣ የሌሊት ጥበቃው ሁሉ አለ።

«ሰው ሁሉ ሽጉጥ ታጥቆ መንገድ መሀል ይታኮስ ነበር።» ጀግናውና ጠላቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ፊት ለፊት የሚገጥሙበትን ትዕይንት የፊልሞች ሁሉ ወግ ያደረገው ይህ ልቦለድ ነው። በእውነተኛው ሕይወት ግን እንዲህ ያለ ግጥሚያ እጅግ ጥቂት ነበር። ዶጅ ሲቲን የመሳሰሉ የከብት ከተሞች መሣሪያ ይዞ መዞርን በሕግ ከልክለው ነበር። በ1881 በአሪዞናዋ ከተማ በቱምስቶን የተካሄደው ታዋቂው ተኩስ ራሱ የተነሳው ይህንኑ ክልከላ እናስከብራለን በሚል ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ክፍል ውስጥ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የዚህን ጀግና ደሞዝ የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። መልሱ ጃጅ (ዳኛ) ሄንሪ ነው። ጃጅ ሄንሪ ትልቅ የከብት ባለሀብት ነው፤ ስሙ የማይነገረው፣ ቨርጂኒያዊው ብቻ የሚባለው ጀግናችን ደግሞ የእሱ ሠራተኛ። ኋላም የሠራተኞቹ አለቃ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ሠራተኞቹ ወርቅ ፍለጋ ጥለው ሊሄዱ ያስባሉ፤ የሚገፋፋቸው ክፉው ትራምፓስ ነው። ቨርጂኒያዊው ስለ እንቁራሪት እርባታ አንድ ረጅም የፈጠራ ወሬ አውርቶ ትራምፓስን መሳቂያ ያደርገዋል፤ ሰዎቹም ወደ ጌታቸው ይመለሳሉ። አንባቢ በእንቁራሪቱ ስቆ ያልፋል። የተደረገው ግን ለአሠሪው ሠራተኛ መመለስ ነው።

ከዚያ የስቅላቱ ምዕራፍ ይመጣል። ቨርጂኒያዊው የከብት ሌቦችን ያሳድዳል። ከተያዙት አንዱ የቅርብ ጓደኛው ስቲቭ ነው። ያለ ዳኛ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ቨርጂኒያዊው የሚያፈቅራት የትምህርት ቤት መምህርቷ ሞሊ ነገሩን ስትሰማ ትደነግጣለች። የሚያስረዳት ማን ነው? ያው ጃጅ ሄንሪ። ፍርድ ቤቶቹ ሌባ አይቀጡም፤ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት የሰጠው ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ መልሶ ሊወስደው ይችላል ይላታል። ይህ ስቅላት በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ ከማቃጠል ጋር ምንም አይገናኝም ብሎም ይከራከራል። ደራሲው ይህን ክርክር አይቃወመውም። ሞሊም መጨረሻ ላይ ቨርጂኒያዊውን ታገባለች። እሱ ደግሞ የጃጅ ሄንሪ የንግድ ሸሪክ ይሆናል፤ መሬቱ ላይ የድንጋይ ከሰል አለ፣ ሀብታም ይሆናል። ለድሃ የቆመው ሰው የቱ ጋ ነው?

ይህ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ዊስተር በ1885 በዋዮሚንግ ያረፈው ሜጀር ፍራንክ ዎልኮት ከሚባል ሰው የከብት እርባታ ነው። ይኸው ዎልኮት በሚያዝያ 1892 ትልልቅ ከብት ባለቤቶች ያደራጁትን ጦር መርቶ ጆንሰን ካውንቲ ወደሚባለው የዋዮሚንግ አውራጃ ገባ። ከቴክሳስ የተቀጠሩ ታጣቂዎች አብረውት ነበሩ። የሚገደሉ ሰዎች ስም ዝርዝርም ይዘዋል። ሰበቡ «ከብት ሌቦችን ማጥፋት» ነበር፤ የተፈለጉት ግን አብዛኞቹ ለትልልቆቹ እንቅፋት የሆኑ ትንንሽ አርቢዎችና ሰፋሪዎች ናቸው። ኒክ ሬይና ኔት ቻምፒየን የሚባሉ ሁለት ሰዎችን ገደሉ። ቻምፒየን ተከቦ ቀኑን ሙሉ ሲዋጋ የሆነውን በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ነበር፤ ቤቱን አቃጥለው ሲወጣ መቱት። የአገሩ ሰው ተነስቶ ወራሪዎቹን ሲከባቸው ያተረፋቸው ፕሬዚዳንት ሃሪሰን የላኩት ፈረሰኛ ጦር ነው። አንድም ሰው አልተቀጣም።

ዊስተር የልቦለዱ መጨረሻ ላይ ስለዚህ ግጭት በጥቂት መስመር ይናገራል። ያሸነፉት ሌቦቹ ናቸው ይላል። ባለሀብቶቹ በቻምፒየን ላይ ያሉትን ነው የደገመው። ለእኔ ከአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ግፍ ይህ ነው። ቻምፒየን የከብት ሥራ የሚያውቅ ካውቦይ ነበር፤ ብቻውን ተከቦ የተዋጋውም እሱ ነው። ዓለም የሚያፈቅረው ግን የገዳዮቹን ሎሌ መልክ ነው።

ሌላም አለ። «ካውቦዮች ነጮች ነበሩ» የሚባለው። ዊስተር በ1895 በጻፈው ጽሑፍ ካውቦይን የአንግሎ ሳክሰን ዘር ወራሽ አድርጎ አቅርቦ ሌላውን ሕዝብ አዋረደ። የከብት አያያዙ፣ ኮርቻውና የገመድ አጣጣሉ የመጣው ግን ከሜክሲኮ እረኞች ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁሮችም በብዛት ይሠሩት ነበር። ቴነሲ ውስጥ በባርነት የተወለደው ናት ላቭ የራሱን የካውቦይ ሕይወት ጽፎ በ1907 አሳትሟል።

መጽሐፉን አታንብቡ እያልኩ አይደለም። የአገሩ ገለጻ ውብ ነው፤ የስቲቭ ሞት ደግሞ ልብ ይሰብራል። ስታነቡት ግን በየምዕራፉ የከብቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ምልክት አድርጉ። የጃጅ ሄንሪንና የሞሊን ክርክር ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ በሁለተኛው ላይ የሞሊን ጥያቄዎች ብቻ ተከተሉ። የጆንሰን ካውንቲን ታሪክ ከዚያ በፊት እወቁ። ጊዜ ካጠራችሁ ከአንዲ አዳምስ ጀምሩ፣ ናት ላቭን አስከትሉ፣ ዊስተርን ሦስተኛ አድርጉት።