«ወርቅ ላበደረ ጠጠር»፦ በሱስ ሳይንስ የምስጋና ዕዳ እንዴት ይከፈላል?

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ሲባል ግሡ ተውጧል። ሙሉ ሐሳቡ «ወርቅ ላበደረ ሰው ጠጠር ተመለሰለት» ነው፤ «እህል ላበደረ አፈር» ብሎ የሚያስከትልም አለ። የሚነገረው ውለታው ለተበላበት ሰው ነው። ምስሉ የተወሰደው ከብድር ሥርዓት ነው፦ ወርቅም ሆነ እህል የተበደረ ሰው የሚመልሰው ያንኑ ዓይነት በዚያው ልክ ነው። ጠጠርም ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ዋጋ ግን የለውም። የአባባሉ ምሬት ከዚህ ይመጣል። ተበዳሪው ጨርሶ ቢክድ ኖሮ ነገሩ ተራ ክህደት ነበር፤ እሱ ግን የከፈለ መስሎ ነው የካደው።

ብድር ደግሞ ከገንዘብ ያልፋል። «ብድር መላሽ ያድርገኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ብር አያወራም። በምርምር ዓለም የሚበደሩት ወርቅ ሐሳብ፣ ዘዴ፣ የቤተ ሙከራ ሌሊትና የተማሪን ረቂቅ አሥር ጊዜ ማረም ነው። አማካሪን ለክብር ሲያጩ የሚመለሰው ጠጠር ደግሞ «ለዘርፉ ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚል ያማረ የምስክር ወረቀት ነው። ምን እንዳበረከቱ ግን አይናገርም።

በሱስ ሳይንስ ይህን አባባል ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው የኦፒዮይድ ተቀባይ ታሪክ ነው፤ ይህም እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ የሚጣበቁበት ቦታ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዋ ካንዳስ ፐርትና አማካሪዋ ሰሎሞን ስናይደር ተቀባዩ በአንጎል ውስጥ መኖሩን አሳዩ። የተፈጨ የአይጥ አንጎል ከራዲዮአክቲቭ ናሎክሶን (የኦፒዮይዶችን ሥራ ከሚያግድ መድኃኒት) ጋር ይደባለቃል፣ ከዚያ በማጣሪያ ላይ ፈስሶ ቶሎ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ይታጠባል፣ ማጣሪያው ላይ የቀረው ጨረር ይቆጠራል። ናሎክሶን የተመረጠው ተቀባዩን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው፤ ቶሎ የሚለቅ መድኃኒት ቢሆን ከእጥበቱ ጋር ይሄድ ነበር። ግን ማጣሪያው ላይ የቀረው ሁሉ ተቀባይ ላይ የተጣበቀ ነው ወይ? ለዚህ ሌቮርፋኖልና ዴክስትሮርፋን ገቡ፤ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚተያዩ ሁለት ሞለኪውሎች ናቸው፤ እንደ ሞርፊን የሚሠራው ግን የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ናሎክሶኑን ከቦታው ያስለቅቃል፣ ሁለተኛው ግን እዚህ ግባ የሚባል ውጤት የለውም። ይህን የማነጻጸር ስልት በ1971 ያቀረበው የስታንፎርዱ አቭራም ጎልድስታይን ነበር። እሱ ተቀባዩን ለይቶ አላወጣም፣ መንገዱን ግን አበድሯል። በዚያው በ1973 ኤሪክ ሳይመን በኒውዮርክ፣ ላርስ ቴሬኒየስ ደግሞ በስዊድን ለየብቻቸው እዚያው ደረሱ።

በ1978 የላስከር ሽልማት፣ የታወቀው የአሜሪካ የሕክምና ምርምር ሽልማት፣ ለስናይደር፣ ለጆን ሂዩዝና ለሃንስ ኮስተርሊትዝ ተሰጠ። ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ በ1975 በስኮትላንድ ኤንኬፋሊንን፣ አንጎል ራሱ የሚሠራውን ኦፒዮይድ መሰል ንጥረ ነገር፣ ያገኙ ናቸው። የ1973ቱ ጽሑፍ የመጀመሪያ ደራሲ የነበረችው ፐርት አልተካተተችም፤ ቅሬታዋንም በደብዳቤ ገለጸች። ስናይደር ሽልማቱ አይገባውም ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራውና የምርምሩ አቅጣጫ የእሱ ነበሩ። ግን አማካሪም ከተማሪው ይበደራል፣ ይህንን ብድር የሚመዘግብ ደግሞ ጥቂት ነው።

ስለዚህ አንድን አማካሪ ለክብር የሚያጭ ሰው ከቅጽሎች በፊት የብድሩን ዝርዝር ይጻፍ። ጥሩ መነሻ «ክሬዲት» የተባለው የደራሲያን ድርሻ መለያ ነው፤ 14 ሚናዎች አሉት። ሐሳብ ማመንጨት፣ ዘዴ መንደፍ፣ ሙከራ መሥራት፣ ገንዘብ ማፈላለግና ክትትል በውስጡ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ዋና ሥራ ማን የቱን እንደሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስፈር። የድጋፍ ደብዳቤ በአማካሪው ሥር ገና እየተማረ ካለ ሰው ባይጠየቅ ይሻላል፤ እንጀራው በእጁ ያለን ሰው በነፃነት ሊመዝን አይችልም። ከተመረቁ ዓመታት ያለፋቸው ይጠየቁ፣ ጥያቄውም የተወሰነ ይሁን፦ ሙከራው ሲከሽፍ ምን አደረገ? ስምህን በደራሲያን ዝርዝር ውስጥ ስንተኛ አስቀመጠው? ሁሉም ደጋፊዎች አንድ ናሙና ደብዳቤ ከተላከላቸው ያው ቃል ይዘው ይመለሳሉ፣ ገምጋሚውም ወዲያው ያውቀዋል።

ሌላው የሚበላሸው የማጨቱ ጊዜ ነው። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር በ1965 በሄሮይን ሱስ የተያዙ 22 ሰዎችን ሜታዶን በተባለ ለረጅም ሰዓት በሚሠራ ኦፒዮይድ ያከሙበትን ውጤት አሳተሙ። የሄሮይን ስሜት በጥቂት ሰዓት ስለሚያልፍ ታማሚው ቀኑን ሙሉ በስካርና በሕመም መካከል ይመላለሳል፤ ሜታዶን ግን በአፍ በቀን አንዴ ይበቃል። መጠኑ በዝግታ መጨመር አለበት፤ በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ጥድፊያው ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ዶል የሜታቦሊዝም ሐኪም ነበር፤ ታማሚዎቹን ለዓመታት በቅርብ የምታውቀው የአእምሮ ሐኪሟ ኒስዋንደር ናት። በ1964 ገና በሥልጠና ላይ ሳለች የተቀላቀለቻቸው ሜሪ ጂን ክሪክ ደግሞ የሕክምናውን የረጅም ጊዜ ደህንነት ተከታትላ ራሷ የብዙ ተመራማሪዎች አማካሪ ሆነች። ዶል የላስከር ሽልማትን የተቀበለው በ1988 ነው። ኒስዋንደር ያረፈችው በ1986 ነበር። የእጩነት ፋይል የሚከፈተው ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ መሆን የለበትም፤ ሥራው በታተመ በዓመቱ ማን ምን እንደሠራ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያጨው ሰው ከሰዎች ትዝታ መልቀም አይኖርበትም።