አሮጌ ሚኒባስ ሲንቀጠቀጥና ሲጮህ፦ የሚባለውና እውነታው

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሱትም ሆኑ አልጋ ተገጥሞላቸው ለረጅም ጉዞ የሚያገለግሉት አሮጌ ሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተራቸው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ታዲያ ጫጫታውን ለመቀነስ ብዙው ገንዘብ የሚወጣው ምንጣፍ ላይ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ግን ከመኪናው ሥር ነው።

«ያረጀ ናፍጣ መኪና መንቀጥቀጡ ያለ ነው»

አይደለም። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ መሪውና መስታወቱ ከተርገፈገፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሞተር ሱፖርት ነው። ሱፖርት ሞተሩን የሚሸከም፣ በሁለት ብረቶች መካከል የተጣበቀ ጎማ ነው፤ ዘይትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፣ ሲብስም ብረቱ ከብረት ይገናኛል። ለማየት ወንበሩን አንሥተው የሞተሩን ክዳን ይክፈቱ። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከመኪናው ፊት ማንም ሳይቆም፣ ሌላ ሰው እግር ፍሬኑን እንደረገጠ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) በጥቂቱ ይልቀቅ። ሞተሩ በአንድ ጎን ብድግ ካለ ጎማው ተላቋል።

ሲቀየር የግራው፣ የቀኙና የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አንድ ላይ ይቀየሩ። አንዱን ብቻ ከቀየሩ ሸክሙ አዲሱ ላይ ያርፍና ቶሎ ይበላል። ብሎኖቹም ሞተሩ በራሱ ክብደት ከተቀመጠ በኋላ ይጥበቁ፤ ክሪክ ላይ እንዳለ ከጠበቁ ጎማው ተጠማዞ ይቀራል። ሱፖርቱ ደህና ሆኖ ንዝረቱ ካልለቀቀ ኢኞቶሪውን (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) ያስመርምሩ።

«ማርሚታ በሽቦ ቢታሰርም ያው ነው»

ማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ያለበት የጭስ ማውጫ ቱቦ በጎማ የሚንጠለጠለው ንዝረቱ ወደ ወለሉ እንዳይሻገር ነው። ሽቦ ንዝረቱን እንዳለ ያሻግረዋል፣ ሰፊው የወለል ላሜራም እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ከከመነዳሪ (ከጎማ የውስጥ ላስቲክ) ተቆርጦ የሚታሰረው ደግሞ በሙቀቱ ደርቆ ይበጠሳል። ለቦታው የተሠራው ጎማ ርካሽ ስለሆነ እሱኑ ይግዙ። ቱቦው ከተበሳም ወለልና በር ከመድፈንዎ በፊት ያስበይዱት። ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ውስጥ ገብቶ ይታፈናልና፣ በተለይ ተኝቶ ለሚያድር ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

«በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ የሚንቀጠቀጠው አላይመንት ስላጣ ነው»

አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ መስተካከል) የተበላሸበት መኪና ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ጎማም በአንድ ጠርዝ ይበላል። በተወሰነ ፍጥነት ብቻ የሚመጣ ንዝረት ብዙ ጊዜ የባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል ያለመሆን፣ ችግር ነው። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማዎችን ይጠርጥሩ፤ ወንበርና ወለል ከሆነ የኋላዎቹን ወይም ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ። እንደ ጨፋ ባለ ሜዳማና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ንዝረቱ ሲጀምር ለጥቂት ሰከንድ ዜሮ ያድርጉ (ከማርሽ ያውጡ)። ካልቆመ ከሞተሩ አይደለም። ዘንጉን የሚያስፈቱ ከሆነ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያዎቹ ላይ በቀለም መስመር ያስምሩ። ቦታው ተዛንፎ ከተገጠመ ክሮቼራው (የዘንጉ መስቀል መጋጠሚያ) አዲስ ቢሆንም ይንቀጠቀጣል።

«ወፍራም ፎም ከተነጠፈ ድምፅ ይጠፋል»

የፍራሽ ፎም ቀጭኑን ድምፅ በመጠኑ ይውጣል፤ የሞተሩን ጉርምርምታ ግን አያግድም። ውኃ ይዞ ወለል ያዝጋል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ሥራው ሦስት ዓይነት ነው፦ የላሜራውን መርገብገብ መግታት፣ ድምፁን ማገድ፣ የቀረውን መዋጥ።

ላሜራውን በጣትዎ ያንኳኩ። እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኸው ቦታ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጀርባው አልሙኒየም የሆነ የቡቲል ጎማ ይለጠፍበት። ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፤ ሩቡ እስከ ግማሹ ይበቃል። በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሲበዛ ጭነት ይሆናል። መጀመሪያ ዝገቱ ይፋቅ፣ ቅባቱ በአልኮል ይጠረግ፣ ከዚያ በሮለር ተጭኖ አየር ሳይቀር ይለጠፍ። ለጣሪያ የሚሆነውን ሬንጅ ቀመስ ንጣፍ አይጠቀሙ፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ሲቆም ይለሰልሳል፣ ይሸታል።

ለማገድ ደግሞ ከባድ የጎማ ምንጣፍ ያለ ቀዳዳ ይነጠፍ። ከወለሉ 1 በመቶ ብቻ ክፍት ቢቀር፣ የቀረው የቱንም ያህል ቢወፍር ድምፁ ከ20 ዴሲቤል በላይ አይቀንስም። ስለዚህ የሞተር ክዳኑን ዙሪያ ጎማ፣ የማርሹን ዘንግ ልባስና ሽቦ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይዩ። በር ላይ ወረቀት አድርገው ይዝጉና ይሳቡ፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ሞቷል። የበሮቹን የታች የውኃ መውጫዎች ግን በፍጹም አይድፈኑ።

«ቁልቁለት ላይ ዜሮ ቢደረግ ሞተሩም ያርፋል፣ ናፍጣም ይቆጠባል»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ ፖምፓው ናፍጣ መላክ ያቆማል፤ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይልካል። ሞተሩ መያዙን ሲተው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። የሚሰማው የሞተር ጩኸት መኪናውን የያዘበት ድምፅ ነው። ታች ሲደርሱ የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ወይም ቸርኬው (የጎማው ብረት) አጠገብ እጅ ሲያስጠጉ የሚፋጅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርገው ይውረዱ።