የራስ ምታት «ቀስቃሽ» ምንድን ነው?

«እህቶቼ፣ የማይግሬን መንስኤው ሹሩባ ነው፤ ፍቱት፣ ትድናላችሁ!» ሰሞኑን ያነበብኩት አስተያየት ነው። እንዲህ ያለውን ስንቴ እንዳየሁ እንጃ። ወዳጄ፣ ቀስቃሽ እና መንስኤ አንድ አይደሉም።

ድመት በዘለለችበት ቁጥር አላርሙ የሚጮህ መኪና ከሰፈር አይጠፋም። ድመቷ ቀስቃሽ ናት። ችግሩ ግን ያለው አላርሙ ላይ ነው፤ ደንባራ ሆኗል። ድመቷን ማባረር አይከፋም፤ ነገ ግን ዝናብ ያስጮኸዋል፣ ከነገ ወዲያ የልጆች ኳስ። ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎልም እንዲሁ ነው። ዛሬ ሽቶ፣ ነገ እንቅልፍ ማጣት፣ ሌላ ቀን ሳይበሉ መዋል። ድንባሬው ራሱ ብዙ ጊዜ በዘር ይወረሳል።

ሹሩባውስ? አጥብቀው ከሠሩት ማይግሬን የሌለባትንም ያማል። ፀጉር ሲወጠር የራስ ቅል ቆዳ ነርቮችም አብረው ይወጠራሉ። እዚህ ላይ አላርሙ ጤነኛ ነው፤ የእውነት በሩን የሚጎትት አለ። ሄልሜትና የዋና መነጽርም ተጭነው እንዲሁ ያደርጋሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የራስ ምታት ምደባ ሁለቱንም፣ መጎተቱንም መጫኑንም፣ ለይቶ መዝግቧቸዋል። መለያቸው ሰዓት ነው፦ ሲጎተት ወይም ሲጫን ይጀምራል፣ ሲፈታ ወይም ሲወልቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ሹሩባው ተፈቶም እስከ ማግስቱ ካስተኛሽ፣ እሱ ድመቷ ነበር ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ሁልጊዜ አጥብቆ መሠራት ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ይመልጣል። የእኔ ሙያ አይደለም፤ ግን አየዋለሁ።)

አይስክሬም ሲበሉ የሚመጣውን ራስ ምታት ሁሉም ያውቀዋል፤ ከ10 ደቂቃ አያልፍም።

ሳል ግን ሌላ ነው። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ሲያምጡ ድንገት ራስን የሚወጋ ሕመም አዲስ ከጀመረ «ቀስቃሹ ሳል ነው» ብሎ መተው አይቻልም። ከእነዚህ ሕመምተኞች 40 በመቶ የሚሆኑት ሌላ ነገር ይገኝባቸዋል። በብዛት የሚታየው የትንሹ አንጎል (ከኋላ በታች በኩል ያለው የአንጎል ክፍል) ጫፍ ወደ አከርካሪው ቦይ ዝቅ ብሎ መውረዱ ነው። ኤምአርአይ የምናዘውም ለዚህ ነው። ጉንፋን ይዞት ሲያስል ራሱን የሚያመውን ሁሉ ላስደነግጥ አይደለም። ጉንፋኑ ለቆት ሕመሙ ካልለቀቀው ግን ይምጣ።