«እግዜርን የማይፈራ፣ ሰውን የማያፍር»፦ የአባባሉ ምንጭና ትርጓሜ

ጅማ ላይ አንድ ሰው የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ሲከለክል፣ ያለ ምስክር የተበደረውን ገንዘብ ሲክድ ወይም የሟች ወንድሙን ልጆች ከቤት ሲያስወጣ ቢሰማ፣ ወሬው ከደረሳቸው መካከል አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜርን የማይፈራ፣ ሰውን የማያፍር!» ማለቱ አይቀርም። ሙስሊሙ ጎረቤት «አላህን የማይፈራ» ብሎ ይጀምረዋል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን በሁለቱም አፍ አንድ ነው። አባባሉ ከተራ ስድብ የሚለየው ስለ አንድ ጥፋት ብቻ ስለማይናገር ነው። «ሌባ» የተባለ ሰው የሰረቀውን መልሶ ከስሙ ሊገላገል ይችላል፤ ይህን የተባለ ሰው ግን ሽማግሌ ቢላክበት የማይሰማ፣ በፈጣሪ ስም ቢለመን የማይራራ፣ በየትኛውም በኩል ቢመጡበት የሚያዝበት ጫፍ የሌለው ሰው ነው ተብሎ ተፈርዶበታል።

የአባባሉ ምንጭ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ነው። ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱ በጸሎት እንዳይታክቱ ሲያስተምር የነገራቸው ምሳሌ፣ በአንዲት ከተማ ስለነበረ፣ እግዚአብሔርን ስለማይፈራና ሰውንም ስለማያፍር ዳኛ የሚተርክ ነው። በዚያች ከተማ የምትኖር አንዲት መበለት ከባላጋራዋ እንዲፈርድላት ወደ እርሱ ትመላለስ ነበር። የሚከራከርላት ባል የላትም፤ ዳኛው ደግሞ ብዙ ቀን እንቢ አላት። በመጨረሻ የፈረደላት የፍርድ ነገር ገብቶት አልነበረም፤ ዘወትር እየመጣች ብታሰለቸው ነው። ወንጌሉ በየአብያተ ክርስቲያናቱ በግዕዝ ሲነበብና በአማርኛ አንድምታ ሲተረጎም የኖረ በመሆኑ፣ ታሪኩን ያላነበበ ሰው እንኳ ቃሉን ከመምህራን አፍ ሰምቶታል። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ የሚገኘው የ1954 ዓ.ም. እትምም ዳኛውን የሚገልጸው እኛ በየሰፈሩ በምንናገረው ቃል ነው ማለት ይቻላል።

በምሳሌው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ይህ ቃል ሁለት ጊዜ ተነግሯል፤ መጀመሪያ ተራኪው ስለ ዳኛው፣ ቀጥሎም ዳኛው ራሱ ስለ ራሱ፣ ያውም በልቡ። ሰውየው እግዚአብሔርን እንደማይፈራ፣ ሰውንም እንደማያፍር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እኛ ወደ ሌላ ሰው የምንወረውረው ፍርድ በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ብቻውን ሆኖ ለራሱ የሚናገረው ነው፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ሁለቱን ግሦች ለየብቻቸው እንመልከት። «ፈራ» የግዕዙ «ፈርሀ» ነው፤ «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ስንልም የምንጠቀመው ይህንኑ ነው። «አፈረ» ደግሞ ከ«ኀፈረ» የመጣ ነው፤ ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛ በዚህ ቦታ ያለው ቃል ማፈርንና ማክበርን አንድ ላይ የሚይዝ ነው። አማርኛችንም ይህን ያውቀዋል፤ «ሰው ያፍራል» የተባለ ሰው ዓይን አፋር ነው ማለት ብቻ አይደለም፤ የሰው ፊት ይከብደዋል፣ ከክፉ ሥራ በኋላ «በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይላል ማለት ነው። «ይሉኝታ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ምን ይሉኛል?» ከሚለው ጭንቀት የተሠራ ነው። ይሉኝታ ብዙ ክፉ ነገር ይከለክላል፤ ያለ እርሱ ጎረቤትነትም፣ እድርም፣ ዕቁብም አይቆምም ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ የሚሠራው ዓይን ባለበት ብቻ ነው። በሩ ሲዘጋ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ የተበደለው ሰው መበደሉን የማያውቅ ሲሆን ይሉኝታ መሥራቱን ያቆማል። አባባሉ መፍራትን ከማፈር ያስቀደመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህንን ከኦሪት ሕግ አጻጻፍ ማየት ይቻላል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 14 ደንቆሮውን መስደብን፣ በዕውር ፊትም ዕንቅፋት ማኖርን ከከለከለ በኋላ ወዲያው «አምላክህን ፍራ» ይላል። ደንቆሮው ስድቡን አልሰማም፤ ዕውሩ ዕንቅፋቱን ማን እንዳስቀመጠ አላየም፤ ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ የሚያሳፍር ነገር የለም። ይኸው ቃል በዚያው መጽሐፍ ሽማግሌን ስለ ማክበር፣ በግዢና በሽያጭ ወንድምን ስላለማታለል፣ ከተቸገረ ሰው ወለድ ስላለመውሰድና በአገልጋይ ላይ ስላለመጨከን በተነገረበት ቦታ ሁሉ ይመለሳል። የትእዛዝ መታዘዝ ትልቁ ፈተና በአደባባይ ሳይሆን የሰው ዓይን በማይደርስበት ትንሽ ሥራ ውስጥ መሆኑን ሕጉ ከጥንት ያውቀዋል።

አጎቴ በልጅነቴ ጅማ ውስጥ ቡና በሚረከብ መጋዘን መዛኝ ነበረ። ጅማ ከድሮም የገበያ አገር ናት፤ የዛሬው ከተማ ያደገው ሂርማታ በሚባለው የሐሙስ ገበያ ዙሪያ ሲሆን፣ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ የነበረው የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋርም ሲራራ ነጋዴውን በመጠበቅ የታወቁ ነበሩ። በእንዲህ ያለ አገር የሚዛን ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ፈረሱላ ቡና 17 ኪሎ ነው፤ መዛኙ ከየፈረሱላው ግማሽ ኪሎ ቢያጎድል 10 ፈረሱላ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ያመጣ ገበሬ 5 ኪሎ ያጣል፤ ማጣቱንም አያውቅም።

አንድ ቀን ዓይናቸውን ሞራ የሸፈናቸው ሽማግሌ ገበሬ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ቁጥር ማንበብ የሚችል አልነበረም። አጎቴ ጆንያው ሳይጫን የሚዛኑን ክንድ አስተካከለና «አባባ፣ እጅዎን ያምጡ» አላቸው። የቀኝ እጃቸውን አመልካች ጣት ይዞ በሚዛኑ ክንድ ጫፍ ላይ አሳረፈው፤ ክንዱ ባዶውን ሲቆም ምን እንደሚመስል እንዲዳስሱት። ጆንያው ከተጫነ በኋላም በክንዱ ላይ የምትንሸራተተውን የሚዛን ብረት እየገፋ፣ ክንዱ እንደ መጀመሪያው እስኪተካከል ድረስ ጣታቸውን አላነሳም። ከዚያ ኪሎውን ጮክ ብሎ ነገራቸው። ኋላ ተሰልፈው የነበሩ ሰዎች ሥራው ቆመ ብለው አጉረመረሙ፤ አጎቴ ግን አልተቻኮለም። እኔ በቁጥር 14 ላይ የተጻፈው ትእዛዝ በእጅ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጥቅሱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሽማግሌው ሙስሊም ነበሩ፤ ሲሄዱም «አላህ ይስጥህ» ብለውት ሄዱ። በእርሳቸውም ሃይማኖት ይህ ነገር የጸና ነው። የቁርኣን 83ኛ ምዕራፍ የሚጀምረው ሰፍረው ሲወስዱ የሚያሟሉ፣ ሰፍረው ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉ ሰዎችን በወዮታ በመገሠጽ ነው። ነቢዩ ሙሐመድም ከቀደሙት ነቢያት ቃል ለሰዎች ከደረሰው መካከል «ካላፈርክ የፈለግኸውን ሥራ» የሚል እንዳለ መናገራቸው በሐዲስ ተመዝግቧል፤ ማፈር ማለትም ሐያእ የእምነት ክፍል ነው ተብሎም ተነግሯል። ተቅዋና ሐያእ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርና ኀፍረት፣ ሁለቱም ጥንዶች ናቸው። ኦሮሞውም «ሰፉ» የሚለው አለው፤ ሰው ከሰው ጋር፣ ከፍጥረትና ከፈጣሪ ጋር ሊጠብቀው የሚገባውን ወሰንና ክብር የሚይዝ ቃል ነው። ጅማ ያደገ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰፈር ስለሚሰማ፣ አባባሉን የአንድ ሃይማኖት ንብረት አድርጎ ለመቁጠር ይከብደዋል።

ሁለቱ ተለያይተው ሲገኙ የሚሆነውንም ማየት ያስፈልጋል። ሰውን ብቻ የሚያፍር፣ ፈጣሪን ግን የማይፈራ ሰው በድግስ ቀን ከአቅሙ በላይ ተበድሮ ያበላል፤ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ግን ሦስት ወር ያሳድራል፤ እርስዋ ለማን ትናገራለች? ፈጣሪን እፈራለሁ እያለ ሰውን የማያፍርም አለ። «እኔ የምጠየቀው ለፈጣሪዬ ብቻ ነው» እያለ፣ ያስቀየመውን ጎረቤት ይቅርታ ሳይጠይቅ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ይመለሳል። ይህኛው የበለጠ ያሳዝነኛል፤ ትእዛዙን የሰጠው ራሱ ፈጣሪ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ሲል ሁለቱን አስሮ ስለሰጠ፣ አንዱን ፈትቶ ሌላውን መያዝ አይቻልምና።

ዳኛው ቃሉን ለራሱ መናገሩን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ከሰፈራችን ሱቅ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ከረጢቱ ቀለለብኝ። ቤት እንደ ገባሁ ከትልልቆቹ የሰማሁትን በሙሉ ድምፄ፣ «እግዜርን የማይፈራ፣ ሰውን የማያፍር!» አልኩ። እናቴ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠችና «ልጄ፣ ዳኛው እርሱ፣ መበለቲቱ አንቺ መሆንሽን በምን አወቅሽ?» አለችኝ። ከዚያ ስኳሩን አልመዘነችም፤ «መልሱን አምጪ» ብላ ገንዘቡን ቆጠረች። ባለሱቁ አምስት ብር አብልጦ ሰጥቶኛል።

ልመልሰው ብዬ ብነሣ መሽቷል፤ ሱቁም ተዘግቷል። እናቴ አምስቱን ብር ለብቻው በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። ሌሊቱን ነቅቼ ሳያት መቀነቷን እንደታጠቀች ተኝታ ነበር፤ ሲነጋ ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆመን የጠበቅነው እኔና እርስዋ ነን።