ሂፕ ሆፕ ዳንስን ቤት ውስጥ መጀመር

የሂፕ ሆፕ ዳንስ የተወለደው ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ድግስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሙዚቃ ያጫውት የነበረው ዲጄ ኩል ኸርክ አንድ ነገር ልብ አለ። ሰው የሚያብደው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ነው። ያችን አጭር ቦታ፣ ብሬኳን፣ በሁለት ሸክላ ማጫወቻ እየመላለሰ አስረዘማት። እሷን ጠብቀው የሚጨፍሩትም ቢ-ቦይ እና ቢ-ገርል ተባሉ። ፖፒንግ (ጡንቻን በምቱ ልክ ጨምቆ መልቀቅ) እና ሎኪንግ (እንቅስቃሴን ድንገት ቀጥ አድርጎ ማቆም) የሚባሉት ስልቶች ደግሞ ከካሊፎርኒያ መጡ። ብሬኪንግ፣ ማለትም የቢ-ቦይና የቢ-ገርሎቹ ዳንስ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2024ቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ደርሷል።

ቤት ውስጥ የሚጀምር ሰው ግን በጭንቅላቱ መሽከርከር አይጠበቅበትም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባውንስ ነው። እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ ጉልበትን ማላላት፤ ቢቱ (የሙዚቃው ምት) ሲመታ ዝቅ፣ በመሃል ከፍ። ደረት አይድረቅ፣ ትከሻም ይለቀቅ። ቀላል ይመስላል። ብዙ ጀማሪ ግን ይህን ዘሎ ወደ ስቴፕ፣ ወደ እግር እንቅስቃሴው፣ ይሮጣል። ስቴፑ ልክ ሆኖ ዳንስ የማይመስለው ለዚህ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለት ዘፈን ሙሉ ባውንስ ብቻ ማድረግ አሥር ስቴፕ ከመሸምደድ ይበልጣል።

ቆጠራው እስከ 8 ነው፤ በየቁጥሩ መሃል «እና» አለ። በቦታ መሮጥ የሚመስለውን ስቴፕ፣ ራኒንግ ማንን፣ እንይ። በ«እና» ቀኝ ጉልበት ይነሳል። በ1 ቀኝ እግር ሲረግጥ፣ ግራው በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ግራ ጉልበት ሲነሳ ቀኙ ወደ መሃል ይመለሳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ መጀመሪያ ይረግጣል፣ ከዚያ ያንሸራትታል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በቦታ መሮጥ አይመስልም።

ወለሉም ቀላል ነገር አይደለም። ወፍራም ምንጣፍ ጫማ ስለሚይዝ ጉልበት ይጎዳል፤ በካልሲ ደግሞ ያዳልጣል። ለስላሳ ሶል ያለው ስኒከር ይሻላል።

በቪዲዮ ስትማሩ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱት። ፊቱን ወደ እናንተ ያዞረ አስተማሪ ቀኙ በእናንተ ግራ በኩል እንደሚታይ አትርሱ። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ራሳችሁንም በስልክ ቅረጹ፤ መስታወት እያዩ የማይታየው የጉልበት ድርቀት እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሦስት ስቴፕ እጃችሁ ሲገባ ቪዲዮውን አጥፉ። ዘፈን ክፈቱና፣ ባውንሱን ሳትለቁ፣ ሦስቱን እንደመጣላችሁ ቀላቅሏቸው። ፍሪስታይል የሚባለው ይኸው ነው።